ለመክተፊያ የሚሆን ኮላ

ናዝሬት
ሰኔ 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሎሚ ገመዳ
ሶፊያ

ልጄ ሎሚ፤

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አላስገባሁትም። ባለፈው ጥር የጻፍሽልኝ ሲደርሰኝ ጠርዙ ተነሥቶ እንደገና የተለጠፈ መሰለኝ። መስኮት ላይ በብርሃን ይዤ አይቼዋለሁና ስለ መምሰሉ አትከራከሪኝ። ስለዚህ የጎረቤታችን የእናትነሽ ልጅ አስፋው ለስድስት ወር ሥልጠና ወደዚያ ሲመጣ በእጁ እንዲያደርስልሽ እሰጠዋለሁ። አስፋው ጨዋ ነው። ቢሆንም የፖስታውን አፍ ሁለት ጊዜ እለጥፍና ስሜን በመገጣጠሚያው ላይ አቋርጬ እጽፍበታለሁ። ፊደሎቹ ካልገጠሙ ንገሪኝ።

ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ጤናዬ ደህና ነው። ዓይኔ ገና በመርፌ ክር ያስገባል። ፎቶግራፍሽን ደጋግሜ አየሁት። የለበስሽው ካፖርት የራስሽ ነው ወይስ ለፎቶግራፉ ተውሰሽው ነው? እጅጌው ያጥርሻል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዚህ ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት ታገኛለሽ። በላይዋ ያለው ከአንድ የነጭ ኮላ ቆርቆሮ ላይ የገለበጥኩት ጽሑፍ ነው። ፊደሉን አላውቀውም፤ አንቺ ያለሽበት አገር የሚጻፍበት ይመስለኛል። እንደ ሥዕል አድርጌ፣ እያንዳንዱን መስመር ሦስት ሦስት ጊዜ አመሳክሬ ነው የገለበጥኩት። ኬሚስትሪ የምታጠኚ ነሽና ሁለት ነገር መልሺልኝ። ይህ ኮላ ከምን ተሠራ? ሥጋ፣ አጥንት ወይም ወተት አለበት? ከደረቀ በኋላስ ሽንኩርትና ጎመን የሚከተፍበት እንጨት ላይ ቢኖር ሰው ይጎዳል? ቆጥረሽ ሦስት ናቸው ትዪ ይሆናል፤ የመካከለኛው የመጀመሪያው ክፍል ነው። «ምናልባት» የሚል መልስ አልቀበልም።

በዚህ ዕድሜዬ ስለ ኮላ መጨነቄ ሳያስገርምሽ አይቀርም። ጸሎት ቤታችን ሲዘጋ የማስተምርበት የሕፃናት ትምህርት ቤትም አብሮ እንደታሸገ ታውቂያለሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ያነሣችኝ ሀጂራ ናት። አጥር ለአጥር ሆነን ሠላሳ ዓመት ስንኖር አንድም ቀን ሥራ ፈትቼ አይታኝ አታውቅም። ባሏ መሐመድዘይን፣ ነፍሱን ይማር፣ መላጊያውን፣ መጋዙንና ሞርሳውን ትቶላት ነበር የሞተው። «ሀዳ ሎሚ፣» አለችኝ፤ የሎሚ እናት ማለቷ ነው፣ መቼም ደስ ሲላት በኦሮምኛ ነው የምትጠራኝ። «አንቺ ልክ ታውቂያለሽ፣ እኔ እንጨት አውቃለሁ። መክተፊያ እንሥራ።»

አናጢዎች የሚጥሉትን የዋንዛና የወይራ ቁራጭ እንለቅማለን። ቁራጮቹ ሁለት ጣት እንኳ ስፋት የላቸውም። ሰባት ስምንቱ ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ በሞርሳ መንጋጋ ተጠርቅመው፣ አድረው ነው አንድ መክተፊያ የሚወጣቸው። እኔ ለክቼ አሰምራለሁ፣ እርሷ ትልጋለች፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ። ከደራና ከሁሩታ ድረስ እየመጡ ይወስዱልናል። ኮላ ከሌለ ግን መክተፊያ የለም፤ መሐመድዘይን ትቶት የነበረው ትልቁ ቆርቆሮ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ አለቀ።

አዲስ መምረጡን ለራሴ ወሰድኩት። መጀመሪያ አብዱናሲር ሱቅ ሄጄ ይህንን ነጩን አየሁት።

«ከየት የመጣ ነው?» አልኩት።

«ከመርከብ።»

«ከመርከቡ በፊትስ?»

«እትዬ፣ እኔ ኮላ እሸጣለሁ እንጂ የዘር ሐረግ አልቆጥርም።»

ከፍቼ አሸተትኩት፤ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ለእንጨት የተሠራ ነገር ለምን ኮምጣጤ ይሸታል? ሌላ ሽታ ሊሸፍኑበት ካልሆነ በቀር። ቀጥሎ ኮምፔርሳቶ የሚጣበቅበትን በውሃ የሚለወስ ዱቄት አሳዩኝ። ክዳኑ ሲነሣ ዓይኔ አለቀሰ፤ ዓይን የሚያስለቅስ ነገር ሆድን ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሦስተኛው ቀን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለው አናጢ ወደ ዘገዬ ሄድኩ። እርሱ የአጥንት ኮላ አለው፤ እንደ ከረሜላ የደረቀ ቡናማ ስብርባሪ ሆኖ፣ በጣሳ ውስጥ በፈላ ውሃ ላይ የሚቀልጥ።

«ይህስ ከምን ነው?»

«ከበሬ አጥንትና ከቆዳ። ሥጋውን እርስዎ በልተውታል፣ የቀረውን እኔ ቀቀልኩት።»

ቢያንስ ግልጽ መልስ ነው። ሚስዮን ትምህርት ቤት ያስተማረችን መምህርት «አመጣጡን የማታውቂውን ነገር ወደ ማእድ አታቅርቢ» ብላ አስጽፋናለች። ደብተሩ ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ። ያም ሆኖ በሰው አፍ ብቻ አልወስንም። ከነጩም ከቡናማውም በጥቂቱ አድርቄ፣ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ዘፈዘፍኩ፤ ሦስተኛው ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ነበር። በሦስቱም ውሃ ባቄላ አበቀልኩ። ሦስቱም በቀሉ። የአጥንቱ ውሃ በአራተኛው ቀን ሸተተ እንጂ ባቄላውን አልገደለም። ነጩም አልገደለም። ይሁንና ባቄላ ሰው አይደለም፤ ነጩን አላመንኩትም። አመጣጡን የማውቀውን መረጥኩ።

ወስጄ ለሀጂራ አሳየኋት። «ከበሬ አጥንት ነው፤ ንጹሕ ነው፤» አልኳት።

«እሺ፤» አለች።

ሀጂራን ታውቂያታለሽ። «እሺ» ብላ ነገር የምትዘጋ ሴት አይደለችም። ስለ አንድ ምስማር እንኳ ግማሽ ቀን ታወራለች። ያን ዕለት ግን «እሺ» ብላ እጇን ታጠበች፤ ረጅም ጊዜ ታጠበች። በማግሥቱ ወገቤን አመመኝ ብላ ቀረች። ከዚያ ወዲያ እየመጣች ትልጋለች፣ ኮላው ሲሞቅ ግን ሁልጊዜ ቤቷ የሚያስቸኩል ነገር ይኖራታል። በአዲሱ ኮላ የወጣውን የመጀመሪያውን መክተፊያ ለእርሷ ሰጠኋት፤ በሁለት ጣቷ ይዛ ሄደች። ከሁሉ የባሰው፣ «እርስዎ» ማለት መጀመሯ ነው። «እርስዎ ያስምሩት፣ እትዬ አማረች።» ሠላሳ ዓመት «አንቺ» ያለችኝ ሴት!

እኔ ደግሞ ያየሁትን እንዳላየሁ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ሐሙስ ሐሙስ አራት አሮጊቶች ቤቴ ተሰብስበን እንደምንጸልይ ሀጂራ ታውቃለች። (ይህን ገጽ አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።) አንድ ሐሙስ ከመስኮቴ ስመለከት ከጉዲቱ ጋር ቆማለች። ጉዲቱ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። ሀጂራ እጇን እያወናጨፈች ትነግራታለች፣ ጉዲቱ በደብተር ትጽፋለች። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ። ዝምታው፣ «እርስዎ»ው፣ ደብተሩ። ደመርኩት።

የመዝሙር መጽሐፉን በርበሬ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩ። ሦስቱን ሴቶች «ከሀጂራ ፊት አንድ ቃል እንዳይወጣችሁ» አልኳቸው። ወዲያውም አንድ ሐሙስ ሀጂራ ማስመሪያዬን ልትመልስ በሩን ስትከፍተው አራታችንም ጸጥ አልን። ከመካከላችን አንዷ ደንግጣ «ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ገባ» አለች። ሀጂራ አንድ በአንድ አየችን።

«እኔም ቤት ይዘንባል፤» አለችና ማስመሪያውን አስቀምጣ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሥራ ቆመ። እርሷ አልመጣችም፣ እኔም አልጠራኋትም። የተቆረጠው እንጨት በረንዳ ላይ ተከምሮ ቀረ። እንጨቱ አላሳሰበኝም። በአጥሩ ወዲያ የእርምጃዋን ድምፅ እየሰማሁ ቀኑን መዋል ግን ከበደኝ።

የዒድ ዕለት እንደ ልማዷ የምስር ሳምቡሳ ላከች። ላከች ማለቴ፣ ሳህኑን አጥሩ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ልብላው አልብላው እያልኩ ብዙ ቆየሁ። በላሁት። በጣም ይጣፍጥ ነበር፤ ይኸው ጣፋጭነቱ ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው። በማግሥቱ ሳህኑን ልመልስ ስገባ ሀጂራን በትሪ ጀርባ ላይ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። የሰጠኋት መክተፊያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥግ ቆሟል። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ሀጂራ! መክተፊያ የምትሠራ ሴት በትሪ ጀርባ የምትከትፈው ለምንድን ነው?»

«ቢላዬ ስለታም ሆኖ አስቸገረኝ፤ ይደንዝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ተይ አትቀልጂብኝ። ለጉዲቱ ምን ስትነግሪያት ነበር?»

ቢላውን አስቀመጠች። «ለጉዲቱ? ኮላ አውጪልኝ እያልኳት ነበር። ነጩን ኮላ። በማኅበሩ ስም ሁለት ቆርቆሮ አስጻፍኩ፤ ያውልሽ አልጋዬ ሥር።» ከዚያ ፊቴን አየችውና ገባት። «የሐሙሱን ነገር መስሎሽ ነው? አማረች፣ እኔን?»

«ታዲያ ለምን ሸሸሽኝ?»

«በሬውን ማን አረደው?»

«የትኛውን በሬ?»

«ኮላ የሆነውን!»

ሎሚ፣ ሳህኑን እንደያዝኩ ገባኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርሺ ያደረግነውን ድግስ አስቢ። ሁለት በግ ነበር። አንዱን መሐመድዘይን ነው ያረደው፤ ድስቱም፣ ቢላውም፣ መክተፊያውም ለብቻ ነበር። በአባትሽ ለቅሶም እንደዚያው። ሀጂራ በሠላሳ ዓመት ውስጥ «ማን አረደው» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም፤ አይጠየቅምና። የሚያስበው ጋባዡ ነው። እንግዳ ጠይቆ ከበላ ነውሩ ለሁለቱም ነው። እኔ ደግሞ የክርስቲያን ቄራ በሬ ቀቅዬ፣ «ንጹሕ ነው» ብዬ፣ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ኮላ እንደ ሥጋ ይቆጠራል ብዬ አላሰብኩም፤» አልኳት።

«ሠላሳ ዓመት ስታስቢ ኖረሽ አሁን እንዴት ተሳነሽ? ሆን ብላ ነው አልኩ። ‹ከሥራው ውጪ› ማለት ከብዷት በኮላ አስወጣችኝ አልኩ። እናትነሽንስ ጠይቀሻታል? የሰኔ ጾም ሊገባ ነው፤ ጎመኗን በሬ ላይ ልትከትፍ ነው?»

 በዚያ ኮላ የወጡት መክተፊያዎች ዘጠኝ ነበሩ። አንዱ የእርሷ ነው፣ ስድስቱ እቤት ነበሩ፣ ሁለቱን የወሰዱት ሴቶች ቤት ራሴ ሄጄ እውነቱን ነግሬ መልሼ አመጣሁ። ዘጠኙንም ለራሴ ወጥ ቤት አስቀርቻቸዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ብከትፍ አይጨርሱም።

ግን ያን ዕለት ከመውጣቴ በፊት፣ አፌ አልታሰር ብሎኝ፣ «የሐሙሱንስ በእርግጥ ለማንም አልተናገርሽም?» አልኳት።

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ደስ የሚል አልነበረም። «አምና ጉዲቱ ጠይቃኝ ነበር። ጉልበታቸውን ቅባት እየተቀባቡ ነው፣ ሽታው አያስቀርብም አልኳት። ይኸውልሽ ወንጀሌ። አንቺስ ማስረጃሽ ምን ነበር?»

«ትሪው። ‹እርስዎ› ማለትሽ። የጉዲቱ ደብተር።»

«በትሪ ከተፈች ተብሎ ሰው ይፈረድበታል?» አለችኝ። ወዲያው ጨመረችበት። «ያችንስ ልጅ በምን ፈረድሽባት? በቁልፍ አይደል?»

አዎ፣ በቁልፍ ነው። ጽፌልሽ የማላውቀውን አሁን ልጻፈው። ጸሎት ቤቱን ሊያሽጉ የመጡት ሰዎች ማንንም ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከጀርባው አወጡ። ያንን ቦታ የምናውቀው እኔና አንቺ ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር። በአሥረኛው ቀን ስኮላርሽፕሽ መጣ፤ የነገርሻቸው ዋጋ መሰለኝ። አውቶቡሱ ላይ እግርሽን ስታነሺ «ማን ነገራቸው?» አልኩሽ። ዘወር ብለሽ አየሽኝና ምንም ሳትዪ ገባሽ። እኔ ዝምታሽን እንደ መልስ ቆጠርኩት። አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስለ ጤናና ስለ አየር ጠባይ የተጻጻፍነው።

«አንቺ ሰዓቱን በየሳምንቱ ሰኞ የምትሞዪው በሩን ከፍተሽ አልነበረም?» አለች ሀጂራ። «ሰዓቱን ስታወርጂው ቁልፉ ምስማሩ ላይ ሲወዛወዝ እኔ እንኳ ከመንገድ አይቼዋለሁ። ጉዲቱም አይታዋለች። የትምህርት ቤቱ ሕፃናት ሁሉ ያውቁታል።»

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ሰዓቱን የምሞላው ሰኞ ነበር፤ በሩም ክፍት ነበር። ሀጂራ ከተናገረችው ውስጥ ላርመው የምችለው አንድ ቃል አላገኘሁም።

ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሺ ብዬ ለመንኳት። መለመን እንደማልችልበት ታውቂያለሽ፤ «እንጨቱ እየተጣመመ ነው» አልኳት። እርሷ ግን ልመና መሆኑ ገባት።

«መላጊያውን አነሣለሁ፤» አለች። «መጀመሪያ ለልጅቱ ጻፊላት።»

«በየወሩ እጽፍላታለሁ።»

«ስለ ጉልበትሽ ትጽፊላታለሽ። ስለ ቁልፉ ጻፊላት። ስትጨርሺ አምጪው፣ አነበዋለሁ።»

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። እንዲህ ትጠቀምበታለች ብዬ አልጠበቅሁም።

ስለዚህ ይኸው ጽፌአለሁ። ያን ዕለት የጠየቅሁሽ ጥያቄ ጥያቄ አልነበረም። መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው የሚናገረው ነገር ጥያቄ አይባልም፤ ተማሪዎቼን እንደዚያ ጠይቄ አላውቅም። መልስ አልጠብቅም። የቱንም ያህል ብትቆዪ ዝምታሽን ከእንግዲህ በምንም አልተረጉመውም። ስለ ኮላው ግን ቶሎ ጻፊልኝ። ሀጂራ ነጩን በሙሉ ልቧ አምናዋለች፤ እኔ ባቄላ አብቅዬበትም አላመንኩትም። አንቺ ምንም የለበትም ካልሽ ግን ምንም የለበትም፤ ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠይቅም።

የአባትሽን ኮት አፍታቼ በልክሽ እየሰፋሁት ነው፤ የትከሻሽን ልክ በሣንቲ ሜትር ላኪልኝ። አስፋው ሲመለስ ቀጭተሽ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ ደህና ናት ቢለኝም አላምነውምና በደንብ ብዪ።

እጅሽ የያዘው ይጥናልሽ። የምትውዪበት ቤት ሰው በደግ ዓይን ይይሽ። ከእኔ ይልቅ አጥርቶ የሚያውቅሽ ጌታ አይለይሽ።

እናትሽ
አማረች ወዬሳ

ሎሚ ልጄ ሀጂራ ነኝ። ጽሕፈቴ ትልልቅ ነው፣ ታገሺኝ። እናትሽ የጻፈችውን አነበብኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ፈለግሁ፣ ከላይ እስከ ታች የለም። ጨምሪበት ብዬ ልመልስላት ተነሣሁ። ከዚያ አጥሩ ጋ ቆማ ስትጠብቀኝ አየኋት። ዝናብ ነበር፣ ነጠላ እንኳ አልደረበችም። ስለዚህ ተውኩት። እኔ ነገ ሥራ እጀምራለሁ። አንቺ ግን አትቸኩዪ።